የማር ቆራጩ ትከሻ

ቀረብ በሉ፣ ላውጋችሁ። ወሬው የካፋ ነው፤ ቀበሌው ደካ፣ ወሩ ግንቦት። የሰውየውን ስም አትጠይቁኝ፤ አንድ ሰው አይደለም። በዚያ ጫካ ማር ሊቆርጡ ወጥተው ትከሻቸውን ይዘው የተመለሱትን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሰብስቤ ነው የማወራችሁ። በትከሻው ላይ የደረሰው ግን ከዛፍ የወደቀ ሰው ሁሉ ሊደርስበት የሚችል ነው።

ግንቦት የማር ወር ነው። ጌተማ የሚባለው ዛፍ አብቦ፣ ንቡ ቀስሞ፣ ነጩ ማር ቀፎውን ሞልቶ የሚቆረጥበት ወር። የካፋ ጫካ ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ከጥላ ሥር በቅሎ ያፈራል፤ ኮረሪማውም ጥምዙም እዚያው ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ጫካ ነው። የማር ሰው ታዲያ ቀፎውን የሚሰቅለው ከቡናው በላይ፣ ከጥላውም በላይ፣ አንገት አንጋጥጦ በሚታይ ዛፍ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ገመድና ጉልበት እንጂ መሰላል የለም።

ሰውየው ሲመሽ ወጣ። ጭሱን ይዞ፣ ቀፎውን ከፍቶ፣ ማሩን ቆርጦ በገመድ አወረደ። ልጁ ከታች ተቀበለ። ክፉው ነገር ያለቀ በመሰለበት ሰዓት፣ ሲወርድ፣ መሬት ሊደርስ ሁለት ቁመት ሲቀረው፣ ዝናብ ያረጠበው ቅርፊት አዳለጠው። ቀኝ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊቀበል አለ። መሬቱም ክንዱን ወደ ላይና ወደ ኋላ ገፋው።

ልጁ ሊያነሣው ሮጠ። ሰውየው ግን አንገቱን ሳያንቀሳቅስ፣ «ቆይ ልጄ፣ አትንካኝ» አለው። ይህች አንዲት ቃል ስንቱን ሰው ከዊልቸር እንዳዳነች ብታውቁ! ከዛፍ የወደቀ ሰው ትከሻዬን ቢልም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ትከሻው አይደለም። አንገትህን ያምሃል? እግርህን ታንቀሳቅሳለህ? ራስህን ስተህ ነበር? አንገቱን ካመመው፣ እግሩ ከደነዘዘ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ራሱን፣ ወገቡንና እግሩን እኩል ደግፎ በጠፍጣፋ ቃሬዛ ላይ ካልሆነ በቀር አይነሣም። የእኛ ሰው አንገቱም እግሩም ደህና ነበሩ። ቀስ ብሎ ራሱ ተቀመጠ። ቀኝ ክንዱን ግን በግራ እጁ ደግፎ፣ ከጎኑ ትንሽ አርቆ እንደያዘ ቀረ፤ ወደ ደረቱ ሊያስጠጋው ሲል እንባው መጣ።

ቤት ሲደርስ ጎረቤት ሞላ። አንዱ ቅቤ አምጡ አለ፤ አንዱ ውኃ አሙቁ አለ፤ አንዱ ጎበዝ ደግሞ እግሩን የሰውየው ብብት ውስጥ አስገብቶ ሊጎትት ተዘጋጀ። «ወለምታ ነው፣ ያድራል ይነጋል» ያለም ነበር። ባለቤቱ ግን የምትሰማው አንድ ሰው ነበርና ልጇን ወደ ወጌሻው ላከችው።

እዚህ ላይ ወሬዬን ገታ ላድርግ። ስለ ወጌሻ ክፉ ለመናገር አልተነሣሁም። በደካም፣ በቦንጋም፣ በጎጃምም፣ አዲስ አበባ መሃልም አጥንት የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ቅርብ ነው፣ በሌሊት ይመጣል፣ ቋንቋህን ያውቃል፣ ዋጋው አያስደነግጥም። የወለቀ ትከሻን በእጅ መመለስ ደግሞ እጅግ ጥንታዊ ጥበብ ነው። በግብፅ፣ ዴር ኤል መዲና፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ የኖረ ኢፑይ የሚባል ቀራጺ መቃብር ውስጥ በተሣለው የሠራተኞች ሥዕል ላይ፣ አንዱ ሰው የሌላውን ክንድ ይዞ ትከሻ ሲመልስ የሚመስል ትዕይንት አለ። ግሪካዊው ሂፖክራቲስም ተረከዝን ብብት ውስጥ አስደግፎ መጎተትን ጽፎ አስተምሯል። እኔ የምፈራው ወጌሻውን አይደለም። የምፈራው፣ ማየት ሳይቀድም መጎተት፣ ካሰሩም በኋላ ተመልሶ አለማየት ነው።

የደካው ወጌሻ ሽማግሌ ናቸው። ገቡ፣ ቤተ ሰቡን ሰላም አሉ፣ ቅቤውን ወደ ጎን አደረጉት። ኩራዙን አስጠግተው የሰውየውን ሸሚዝ በመቀስ ቆረጡ፤ ሁለቱንም ትከሻ ራቁቱን ጎን ለጎን አዩ። የግራው ክብ ነው። የቀኙ ክብነቱ ጠፍቶ እንደ ሣጥን ጠርዝ ቀጥ ብሏል፤ ከፊት በኩል፣ ከብብት ከፍ ብሎ፣ መኖር የሌለበት እብጠት ይታያል።

«እስቲ በቀኝ እጅህ ግራ ትከሻህን ንካ» አሉት።

ሞከረ። አልደረሰም።

ትከሻ ለምን እንዲህ ቶሎ ይወልቃል ትሉኝ ይሆናል። የክንድ አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ደግሞ ትንሽና ጥልቀት የሌለው፤ ክብ ቂጥ ያለው ጀበና ማቶት ላይ እንደሚቀመጥ ነው። በቦታው የሚያቆዩት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። ለዚህም ነው ክንዳችን ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው፤ ለዚህም ነው ከሰውነታችን ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚወልቀው ትከሻ የሆነው። ከመቶው ዘጠና የሚበልጠው ወደ ፊት ነው የሚወጣው። በኤሌክትሪክ የተያዘ ወይም የሚጥል ሕመም ተነሥቶበት የወደቀ ሰው ግን ወደ ኋላ ሊወልቅበት ይችላል፤ እርሱ ቅርጹ ብዙም ስለማይለወጥ ለሐኪምም ያመልጣል። እንዲህ ያለ ሰው ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ካቃተው፣ ትከሻው ደህና ይመስላል ተብሎ እንዳይተው።

ወጌሻው ቀጠሉ። የቀኝ አንጓውን በሦስት ጣት ይዘው የደም ምቱን ፈለጉ፤ አገኙት። የሁለቱን እጆች ሙቀት አስተያዩ። «ጣትህን ዘርጋ፤ ጨብጥ፤ አውራ ጣትህን ወደ ላይ» አሉት። አደረገ። ከዚያ በገለባ ጫፍ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ያለውን የክንዱን ውጫዊ ጎን፣ ወታደር ምልክት የሚሰፋበትን ቦታ፣ ነካ ነካ አደረጉት።

«ይሰማሃል?»

«እዚያ ደንዝዟል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ይህ የእኔ አይደለም። ጎትቼ ብመልሰው አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ አላይም፤ የደነዘዘውንም አላውቀውም። ዛሬውኑ ወደ ሐኪም» አሉ።

እኔ እኚህን ሰው ባርኬ አልጠግብም። ያን ሌሊት ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ የሚለካው በሕመሙ ነበር። «በጣም ያምሃል ወይ?» ነው ጥያቄው። ሕመም ግን ክፉ ዳኛ ነው። ቀላል ወለምታ ያስጮሃል፤ የተበጠሰ ጅማት አንዳንዴ ዝም ይላል፤ የተጎዳ ነርቭ ጭራሽ ስሜት ላይሰጥ ይችላል። ሰውየው «አሁንስ ይሻለኝ ጀመር» ሲል ጎረቤቱ ደስ ይለው ነበር፤ የሚሻለው ግን ስለደነዘዘ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው የጠየቁት ቅርጹን፣ እንቅስቃሴውንና እጁን ነው። ቅርጹ ተለውጧል? ክንዱ ይነሣል? ጣቶቹ ይሞቃሉ፣ ይሰማሉ፣ ይታዘዛሉ? ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ነገ አይባልም። እጁ ቀዝቅዞ፣ ነጥቶ፣ የደም ምቱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነበር፤ ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት አካባቢ ሲሞላው መሞት ይጀምራልና። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣም፣ ወይም ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን ወጥሮ ሊበሳው ከደረሰም እንዲሁ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አይተውለታል። ሆዱን በተለይም ግራ ጎኑን ጫን ጫን አደረጉ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በግራ ጎኑ የወደቀ ሰው ጣፊያው ተተርትሮ ሆዱ ውስጥ ደም ሲፈስ፣ የሚያመው ግራ ትከሻው ጫፍ ሊሆን ይችላል። ትከሻው ሲታይ ደህና ነው፤ ክንዱም ይዞራል፤ ሕመሙ ግን እዚያ ነው። ፊቱ ነጥቶ፣ ልቡ እየፈጠነ፣ ላብ ላብ እያለው «ትከሻዬን» የሚል ሰው ካያችሁ ትከሻውን አትሹ፤ መኪና ፈልጉ።

ስለ ማሰር ላውራችሁ፤ ይህን ሳልናገር ብነሣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጅ ከበቅሎ ወይም ከማንጎ ዛፍ ይወድቃል፣ ክንዱ ይሰበራል። በቀርከሃ ጭረት ዙሪያውን ተጠፍንጎ ይታሰራል። ሌሊት ልጁ ያለቅሳል። «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይባላል። በማግስቱ ጣቶቹ ያብጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ። በሦስተኛው ቀን ልቅሶው ይቆማል፤ ቤተ ሰቡም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ልቅሶው የቆመው እጁ ስለሞተ ነው። ሲፈታ ጥቁር ነው፤ ሆስፒታል ሲደርስም ከመቁረጥ ሌላ መንገድ የለም። በሀገራችን ሆስፒታሎች እጃቸውን በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ያጡ ሕፃናት አሉ፤ የሀገራችን ቀዶ ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ አገር በሚታተም የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም እንዳሳየው፣ ወጌሾችን ሰብስቦ አጭር ሥልጠና መስጠት ብቻውን የሚቆረጠውን እጅና እግር ቁጥር ቀንሶታል። ወጌሻ ሲነገረው ይሰማል ማለት ነው! ነገሩም ከባድ አይደለም፦ ጣቶቹ እንዲታዩ አድርገህ እሰር፤ በየሰዓቱ እያቸው፤ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቱን ቀና ስታደርግለት ልጁ ከጮኸ፣ ሌሊትም ቢሆን ፍታ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። የደካው ሽማግሌ የባለቤቱን ነጠላ ተቀብለው ክንዱን ራሱ በመረጠው አኳኋን ደግፈው በአንገቱ አንጠለጠሉት። ቀለበቱን ከጣቱ አወለቁ፤ እጅ ሲያብጥ ቀለበት ካቴና ይሆናልና። ባለቤቱ ቡና አቅርባ ነበር፤ «አይቅመስ፤ ምናልባት አደንዝዘው ነው የሚመልሱለት፣ በባዶ ሆድ ይሂድ» አሏት። ለውኃ ጥማቱም ከንፈሩን አረጠቡለት እንጂ አላጠጡትም።

ሌሊቱን ጫካ ለጫካ በቃሬዛ መሄድ ቀላል አይደለም። ጎረቤት ተሸከመ፤ መኪና መንገድ ላይ ሲደርሱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አምቡላንስ አስጠርታ ጠበቀቻቸው። እነዚህ ሴቶች ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የቆሙ ናቸው፤ ትከሻ አይመልሱም፣ ግን ማን ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃሉ፤ ስልክ ቁጥራቸውን ሳይወድቁ በፊት መያዝ ነው። ጤና ጣቢያው ማስታገሻ ሰጥቶ ሪፈር ጻፈ። ጎህ ሲቀድ ቦንጋ፣ ገብረ ጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል ደረሱ።

ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ ያዘዘው ራጅ ነው። ሰውየው ተቆጣ፤ «ወልቆ እያየኸው ፎቶ ምን ያደርጋል?» አለ። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ አሳየው። «ይኸው፣ ጋሼ፣ የክንድህ አጥንት ራስ ከጎድጓዳው ወጥቶ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጧል። በአጥንቱ አንገት ላይ ስብራት ቢኖርና ብንጎትተው ለሁለት ይለያይ ነበር። እንኳን የለ።» ያን ሌሊት እግሩን ብብት ውስጥ ሊያስገባ የተዘጋጀው ጎበዝ ከቃሬዛው ጋር መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበርና ይህን ሰማ።

ከዚያ የሆነውን ብታዩት ማንም የሚጎትት አይመስላችሁም። ማደንዘዣ ተሰጠው። ሐኪሙ ክርኑን ወደ ጎኑ አስጠግቶ በ90 ዲግሪ አጠፈ። ከዚያ የፊት ክንዱን ይዞ፣ እያወራው፣ ስለ ማሩ እየጠየቀው፣ ወደ ውጭ ቀስ፣ በጣም ቀስ እያለ አዞረው። ጡንቻው ሲወጠር ያቆማል፤ ሲላላ ይቀጥላል። በ1870 እ.ኤ.አ. የስዊሱ ቀዶ ሐኪም ኮኸር የጻፈው ዘዴ መነሻው ይህ ማዞር ነው። ብዙ ሳይቆይ ከውስጥ ደፈን ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ትከሻው ክብ ሆነ፤ ሰውየውም ሳያስበው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። የደም ምቱ ታየ፣ ጣቶቹ ታዩ፣ ሁለተኛ ራጅ ተነሣ። ድንዛዜው በሳምንታትና በወራት የሚለቅ መሆኑን፣ ካልለቀቀ ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ እንደሚላክ ነገሩት።

ባይመጣስ ኖሮ? ይህንም ሐኪሞች ያውቁታል። የወለቀ ትከሻ ሲውል ሲያድር ዙሪያው ይደርቃል፤ ሦስት ሳምንት ካለፈው በእጅ መመለሱ አደገኛ ይሆናል፣ ደም ሥርም ሊበጠስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የቀዶ ሕክምና ነው። ቅቤ ሲታሽ ከርሞ በወሩ የመጣ ሰው፣ በአንድ ማለዳ የሚያልቀውን ነገር ቀዶ ክፍል ድረስ ይዞት ይገባል።

የሴቶቹን ትከሻ ሳልነካ ብቀር ደግሞ ወሬዬ ጎደሎ ነው። ከዛፍ ያልወደቀች፣ እንጨትና ውኃ በጀርባዋ ያመላለሰች፣ እንሰት ስትፍቅ የኖረች እናት «ትከሻዬ» ስትል ሰው ሁሉ «ድካም ነው» ይላታል። ብዙ ጊዜ ድካም ነው፤ ጥቂት ቀን አረፍ ብላ፣ ክንዷን ሙሉ በሙሉ ሳታስር ቀለል አድርጋ እያንቀሳቀሰች ይለቃታል። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልተሻላት፣ ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ካቃታት፣ ሻሽ ለማሰር ክንዷ ካልተነሣ ግን መታየት አለባት። ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜ፣ ይበልጡን ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ ትከሻ ሳይመታ ቀስ በቀስ የሚደርቅበት ሕመም አለ፤ ስኳሯ ያልታወቀ ሴት በትከሻዋ ምክንያት ይታወቅላት ይሆናል። መገጣጠሚያው ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ውስጡ መግል ሊኖር ይችላልና በዚያው ቀን ነው። የወር አበባዋ የቀረባት ወጣት ሴት ሆዷን አሟት የትከሻዋ ጫፍ ሲወጋት እርግዝናው ከማኅፀን ውጭ ሆኖ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ አንድ ሰዓትም ብዙ ነው። ደረቱ ተጭኖት፣ ላብ አጥምቆት፣ ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻውና ክንዱ የሚወርድበት ሰው ልቡ ነው፤ እርሱም ወጌሻ አይጠራለትም።

የእኛ ሰው ክንዱ በማንጠልጠያ ሆኖ ለጥቂት ሳምንታት ተቀመጠ። ጣቱን፣ አንጓውንና ክርኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲያንቀሳቅስ ታዘዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክንዱን ማወዛወዝ፣ ከዚያ በግድግዳ ላይ ጣቶቹን ወደ ላይ ማስኬድ። ዕድሜው 40 አልፏልና ሐኪሙ ሲመለስ የፈተሸው ክንዱን በራሱ ኃይል ማንሣት መቻሉን ነው፤ በዚህ ዕድሜ ትከሻ ሲወልቅ ከውስጥ ያሉት ጅማቶች ብዙ ጊዜ አብረው ይቀደዳሉ። ወጣት ቢሆን ኖሮ ስጋቱ ሌላ ነበር፤ ሃያ ያልሞላው ልጅ አንዴ ከወለቀበት ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ይወልቅበታል፣ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልገው ይችላል።

«ዛፍ የምወጣው መቼ ነው?» አለ ሰውየው በሁለተኛው ቀጠሮ።

«ሦስት ወር ከባድ አታንሣ። ከዚያ መጥተህ፣ ሁለቱን ክንዶች እኩል ወደ ላይ አንሥተህ አሳየኝ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

«የቀሩት ቀፎዎችስ?»

«ልጅህ አለ አይደል?» አለ ሐኪሙ። «ግን ወገቡን በገመድ ከግንዱ ጋር ሳያስር አይውጣ።»